ልጄ ሳቀብኝ፤ ፊልሙም አሳፈረኝ

የሳምንቱ ደብዳቤ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ44 ዓመት ጎልማሳ ነኝ። ልጅ ሆኜ ከራምቦ ሁለተኛው ክፍል የሚበልጥ ፊልም በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በቪዲዮ ካሴት ደጋግመን አይተነዋል። እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ እሱ ነበር የሚተረጉምልኝ። ሰሞኑን 15 ዓመት የሞላውን ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩለት። ልጅቷ ራምቦን ‹አብሬህ ልሂድ› ስትለው ልጄ ‹በቃ፣ አሁን ትሞታለች› አለ። ሞተች። ጠላት ተኩሶ ተኩሶ ሲስት፣ አክተሩ ደግሞ ተረጋግቶ ቀስቱን ሲገትር ልጄ በሳቅ ከሶፋው ወረደ። ተቆጣሁት። የሚያናድደው፣ እኔም በሆዴ እየሳቅኩ ነበር። ለወንድሜ ደውዬ ብነግረው ‹ልጅህ ስድ ነው› አለኝ። እውነት ይሄን ፊልም ነው እንደዚያ የወደድኩት? ያኔ ጣዕም የሚባል ነገር አልነበረኝም ማለት ነው? የድሮ ፊልሞቼን ሃርድ ዲስክ ላይ ሰብስቤያቸዋለሁ። እንደገና ልያቸው፣ ላጥፋቸው፣ ወይስ ሳልነካቸው ይቀመጡ? በሌላ በኩል በወጣትነቴ እንቅልፍ ያመጣል ብዬ የተውኩትን ‹ሾሻንክ ሪደምፕሽን› አምና አይቼ አለቀስኩ። ግራ ገብቶኛል።»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ልጅህ ስድ አይደለም። ይህን ለወንድምህም ንገርልኝ። «አሁን ትሞታለች» ያለው ፊልሙን ስለናቀ አይመስለኝም። በደንብ እያየ ስለነበር ነው። እንዲህ ባሉ ፊልሞች ውስጥ ከአክተሩ ጋር ስለ ነገ ማውራት የጀመረች ሴት ዕድሜዋ አጭር እንደሆነ በ15 ዓመቱ ነቅቶበታል። አንተ በእሱ ዕድሜ ይህን ብታውቅ ኖሮ ወንድምህን ታስቸግረው ነበር።

ደግሞ በዚህ ፊልም ላይ ለመሳቅ ልጅህ የመጀመሪያው አይደለም። ፊልሙ የወጣው በ1985 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠር)። በሚቀጥለው ዓመት ጎልደን ራስቤሪ፣ ባጭሩ ራዚ የሚባለው የመጥፎ ፊልሞች ሽልማት የዓመቱ ቀሽም ፊልም ብሎ ሰየመው። ራምቦን ሆኖ የሠራውን ስታሎንን ደግሞ የዓመቱ ቀሽም ተዋናይ አለው። የድርሰቱንም ሽልማት ጨመረለት። ከደራሲዎቹ አንዱ ማን መሰለህ? ጄምስ ካሜሮን። በኋላ «ታይታኒክ»ን ሠርቶ 11 ኦስካር ያስወሰደው ሰውዬ ማለት ነው። ያው ፊልም በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ገቢ በማስገባት ሁለተኛ ወጣ። በዓለም ዙሪያ 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ።

የትኛው ነው እውነቱ ካልከኝ ሁለቱም ነው። ግራ ያጋባህ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ማድረግህ ይመስለኛል። አንዱ «ይህ ፊልም በደንብ ተሠርቷል ወይ?» የሚለው ነው። ሌላው «ይህ ፊልም ለእኔ ምን ሆነልኝ?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ልጅህ መልሶታል፤ ራዚዎቹም ከእሱ ጋር ናቸው። ሁለተኛውን ግን ልጅህም፣ እኔም፣ ማንም ሊመልስልህ አይችልም። «ቀሽም ነው» የሚለው መልስ «እወደዋለሁ» የሚለውን አይሽረውም። መውደድህም ፊልሙን ጎበዝ አያደርገውም። ሰው በፊልም የሚጣላው አንዱን በሌላው ሊያስተባብል ሲሞክር ነው።

ስለ ጣዕምህ ከመፍረድህ በፊት ግን ያኔ ምን እንዳየህ እንመልከት። ያኔ ያየኸው ሰሞኑን ያየኸውን ፊልም አይደለም እልሃለሁ። ይህን የምለው ላጽናናህ ብዬ አይደለም።

በመጀመሪያ ነገር ምስሉን ራሱን ሙሉ በሙሉ አላየኸውም። የሲኒማ ምስል ሰፊ ነው። የድሮው ቴሌቪዥን ደግሞ ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው። ስለዚህ ካሴት ላይ ሲገለበጥ ግራና ቀኙን እየቆረጡ ነበር የሚያስገቡት። እንደ ራምቦ ያለ ሰፊ ፊልም ላይ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ምስል በዚህ ይጠፋል። የቀረው ደግሞ ደብዛዛ ነበር፤ ደጋግሞ የታየ ካሴት ደግሞ ይብስበታል። ዛሬ ጥርት ባለው ስክሪን ላይ የሚታየው ሜካፕ፣ ቀድሞ የተቀበረው ፈንጂ፣ ከመመታቱ በፊት የሚወድቀው ወታደር፣ ያኔ ሁሉም በጭጋግ ተሸፍኖልህ ነበር።

ሁለተኛው ወንድምህ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከደብዳቤህ ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። ወንድምህ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር? እንግሊዝኛውስ ምን ያህል ይገባው ነበር? ራምቦ በዚህ ፊልም ውስጥ ብዙ አያወራም፤ ሲያወራም ያልጎመጉማል። አማርኛውን ይዞ ሲወርድልህ የነበረው ወንድምህ ግማሹን ከራሱ ፈጥሮ እንደሆነ አልጠራጠርም። ያልገባውን ዘሎታል፣ ያልጣመውን አሳምሮታል፣ አክተሩ ዝም ሲል እሱ ተናግሮለታል። አንተም ከድምፁ፣ ከዘፈኑ፣ ከፊቱ እየገመትክ ቀሪውን ሞልተሃል። ስለዚህ ያንን ፊልም ሦስት ሰዎች ናችሁ የደረሳችሁት፦ ሆሊዉድ፣ ወንድምህና አንተ። ሰሞኑን የሆሊዉዱን ድርሻ ብቻውን ነጥለህ ሰማኸውና ደነገጥክ። ቋንቋ ሳይገባን የወደድናቸው ፊልሞች ቋንቋው ሲገባን ብዙ ጊዜ ይህ ዕጣ ነው የሚደርሳቸው። ንግግራቸው ከገመትነው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። የህንድ ፊልም ያለ ትርጉም ያየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ሦስተኛው ድግግሞሹ ነው። ሮበርት ዛዮንክ የሚባል የሥነ ልቡና ተመራማሪ በ1968 ባወጣው ጥናት አንድን ነገር ደጋግሞ ማየት ብቻውን መውደድን እንደሚያመጣ አሳይቷል። ለሰዎች ትርጉም የማይሰጡ ቃላትና የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶዎች ነበር ያቀረበላቸው። ብዙ ጊዜ ያዩትን የበለጠ ወደዱት። ትርጉም የሌለው ቃል በመደጋገም ከተወደደ የሚፈነዳ ቀስት ምን ይሳነዋል? ካሴት ደግሞ የመደጋገም መሣሪያ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው አንድ ካሴት ከሆነ የሚታየውም እሱው ነው።

ያለቀስክበት ፊልምም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። «ሾሻንክ ሪደምፕሽን» በ1994 ሲወጣ ሲኒማ ቤቶች ባዶ ነበሩ ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ዙር የወጣበትን እንኳ አልመለሰም። ለ7 ኦስካር ታጨ፤ አንድም አላገኘም። ሰው ያወቀው በኋላ ነው፤ በቪዲዮ ኪራይና አንድ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ደጋግሞ ሲያሳየው። ዛሬ ተመልካቾች በኢንተርኔት ድምፅ በሚሰጡበት ትልቁ የፊልም ዝርዝር ላይ ለዓመታት አናት ላይ ተቀምጧል። ከእሱ የባሰው የፍራንክ ካፕራ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው። በ1946 ሲወጣ ስቱዲዮውን አከሰረው። በ1974 የቅጂ መብቱን ማደስ ተረሳና ጣቢያዎች ለምስሉ ሳይከፍሉ ያሳዩት ጀመር። በየገናው ሲታይ ሲታይ የአሜሪካኖች የበዓል ፊልም ሆኖ አረፈው። አንድ ወረቀት በሰዓቱ ቢሞላ ኖሮ ይህን ያህል የሚያውቀው ሰው ባልተገኘ።

ይህን የምነግርህ «ተወዳጅ» የሚባለው ነገር በጥራት ብቻ እንደማይመጣ እንድታይ ነው። ዕድል አለበት፣ ሰዓት አለበት። የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» በሰኔ 1982 ሲወጣ «ኢቲ» ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሕዝቡ አንጀት በሚበላው የሰማይ እንግዳ እያለቀሰ እያለ ሰው ውስጥ ገብቶ ሰው የሚሆን አውሬ ይዞ መጣ። ሃያሲዎች ቀጠቀጡት። ዛሬ በዚያ ዘውግ ውስጥ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በነገራችን ላይ «ብሌድ ራነር»ም የወጣው በዚያው ቀን ነው። እሱም በገበያው አልቀናውም። አሁን ሲያስቡት ሁለቱን በአንድ ቀን ማለፍ ምን ዓይነት ሳምንት ነው?

በራዚዎችም ቢሆን ብዙ አትመካ። በ1981 በመጀመሪያው ዝግጅታቸው የ«ዘ ሻይኒንግ»ን ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክን ለቀሽም ዳይሬክተርነት አጭተውታል። ዋናዋን ተዋናይ ሼሊ ዱቫልንም እንዲሁ። የእሷን እጩነት በ2022 ሰረዙት፤ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ስታሎንንም በ2000 የክፍለ ዘመኑ ቀሽም ተዋናይ አሉትና በ«ክሪድ» ከተመሰገነ በኋላ በ2016 ራሳቸውን አቃንተዋል የሚሏቸውን ሰዎች የሚሸልሙበትን ሽልማት ሰጡት። የልጅህ ሳቅ ቢያንስ በቅንነት የመጣ ነው። የእነሱ ብዙ ጊዜ በሰው ቁስል የሚቀልድ ነው፤ እኔ ብዙም አልወዳቸውም።

አሁን ወደሚያስቸግረው ልምጣ። ድሮ የወደድነው ፊልም ላይ ሁለት ዓይነት ጉድለት አለ። አንዱ ያስቃል፤ ጥይት የማይነካው አክተር፣ አነጣጥሮ የማያውቅ ጠላት። ይህን ይቅር በለው። ሌላው አያስቅም። ሁለተኛው ራምቦ ውስጥ ያሉትን ቬትናሞች አስታውስ። ከልጅቷ በቀር ስም ያለው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ሰው የሚመስል ማን አለ? የሚገደሉ ብቻ ናቸው። በ1975 ያለቀ ጦርነት ነው። የአሜሪካው አክተር ገና ሲነሳ «አሁንስ እንድናሸንፍ ይፈቀድልናል?» ብሎ ይጠይቃል። በእውነት የተሸነፉትን በፊልም ሊያሸንፉ ነው የሄዱት። አንተ በልጅነትህ ይህን ማየት አይጠበቅብህም ነበር። አሁን ግን ታየዋለህ። ልጅህ በዚህ በኩል ከጠየቀህ «ያኔ እንዲህ ነበር» ብለህ አትለፈው። «አዎ፣ ይሄ ልክ አይደለም» በለው። ፊልሙን ለመውደድ ጠበቃው መሆን የለብህም።

ታዲያ ምን ላድርግ ላልከው፣ መጀመሪያ ልጅህን «ስለተቆጣሁህ ይቅርታ» በለው። አባት ይቅርታ ሲጠይቅ ቤቱ አይፈርስም። ቀጥሎ የመጀመሪያውን ክፍል፣ የ1982ቱን «ፈርስት ብለድ» አሳየው። ብዙ ሰው ሁለቱን በትዝታው ደባልቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንተም ሳትደባልቃቸው አልቀረህም። ተመሳሳይ ፊልሞች አይደሉም። የመጀመሪያው ከጦርነት ተመልሶ ቦታ ያጣ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ የፖሊስ አዛዡ «ልብስህ አላማረኝም» ብሎ ያባረረው ወታደር ታሪክ ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የሚሞተው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ከሄሊኮፕተር ወድቆ። መጨረሻው ላይ አክተሩ የሚያደርገው ማልቀስ ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው መጨረሻ ላይ ራምቦ ይሞት ነበር። ለሙከራ ያሳዩዋቸው ተመልካቾች ስላልወደዱት ተቀየረ። ባይቀየር ሁለተኛው ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ እኛም ዛሬ አንጨቃጨቅም። ልጅህ በዚህኛውም ቢስቅ ይሳቅ። የሚስቅ አይመስለኝም።

ስታሳየው ግን አታብራራ። «አሁን እየው፣ አሁን እየው» ማለት ፊልሙን ይገድለዋል። ፊቱንም አትከታተል። አብሮህ ያለ ሰው እየወደደው መሆኑን በየደቂቃው ከሚሰልል አባት ጋር ፊልም ማየት ፈተና መቀመጥ ነው። በሚቀጥለው ደግሞ እሱ ይምረጥ። የመረጠው የማይጥምህ ሊሆን ይችላል። ዝም ብለህ እስከ መጨረሻው እይለት። ከዚያ የፈለግከውን ያህል ሳቅ፤ ተራህ ነው።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር። አዲስ ቴሌቪዥን ካለህ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፋው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ በ24 ምስል ነው። እነዚህ ቴሌቪዥኖች በመሃል የሌለ ምስል ከራሳቸው ፈጥረው ይጨምራሉ። ያኔ ትልቁ ፊልም ሁሉ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል። ስሙ በየአምራቹ ይለያያል። «ፊልም ሜከር ሞድ» የሚል ካገኘህ እሱን ብቻ ምረጥ። ግማሹ «ድሮ ያማረ ፊልም ዛሬ አስጠላኝ» የሚል ደብዳቤ የሚመጣልኝ በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ወንድምህን በተመለከተ፣ ያኮረፈው ለፊልሙ አይደለም። ያን ጊዜ እሱ አስተርጓሚህ ነበር፤ ትልቅ ሰው ነበር። ልጅህ ሲስቅ በእሱ ሥራ የተሳቀበት ነው የመሰለው። አንድ ቀን ጥራውና ሁለተኛውን ክፍል ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ለልጅህ ይተርጉምለት። እንደ ድሮው። የሚያስታውሰውን እንጂ የሚሰማውን አይደለም። ልጅህ ያን ጊዜ የሚስቀው ሌላ ሳቅ ነው።

የትኞቹን እንደገና ልይ ላልከው የእኔ ግምት ይኸውልህ፤ የእኔ ብቻ ነው። ኮሜዲዎች በጣም ያረጃሉ። ትናንት ያሳቀን በማን ላይ እንደሆነ ዛሬ ስናይ ብዙ ጊዜ እናፍራለን። የፍቅር ፊልሞችም ንግግራቸው ይከዳቸዋል። «ታይታኒክ»ን ውሰደው፤ ሁለቱ ወጣቶች ሲያወሩ ጆሮዬን እይዛለሁ፣ መርከቡ መስመጥ ሲጀምር ግን ማንም አያስነሳኝም። በእጅ በተሠራ ነገር የሚያስፈሩ ፊልሞች ከኮምፒውተር ከመጡት ይልቅ ይቆያሉ። «ጁራሲክ ፓርክ» በ1993 ወጥቶ እስከ ዛሬ ያልተዋረደው አንድም በዚህ ነው። ከ127 ደቂቃው ውስጥ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው ግዙፍ አሻንጉሊት ነው። ቀሪውን የሚያስፈራህ ከብርጭቆ ውኃው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ያልታየው ነገር ነው።

ሳይነካ ይቀመጥ የምትለው ፊልም ካለ ደግሞ ይቀመጥ። ሁሉን መፈተሽ ግዴታ አይደለም። ሰውን አስበህበት የምትወደው፣ ያ ሰው አሁን የሌለ፣ ወይም ከዚያ ጊዜ ሌላ ምንም ያልቀረልህ ፊልም ካለህ አትክፈተው። ይህን ለይተህ የምታውቀው አንተ ነህ።

ማጥፋቱን ግን ተው። ይልቅ ሌላ ቦታ ገልብጥ፤ ሃርድ ዲስክ ሳይታሰብ ይሞታል። ምናልባት የህንዱ ፊልም «ሾሌ» እዚያ ውስጥ ካለ ከእሱ ጀምር እልሃለሁ። በ1975 ሲወጣ ሃያሲዎች አጣጥለውት፣ የመጀመሪያው ሰሞን ገበያው ቀዝቅዞ፣ ኋላ ግን ቦምቤይ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ብቻ 5 ዓመት የታየ ፊልም ነው። ከ3 ሰዓት በላይ ስለሆነ ማታ አትጀምረው። ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅጂ አለው። ሳንሱሩ ዳይሬክተሩን ራሜሽ ሲፒን መጨረሻውን አስቀይሮታል። የተለመደው ቅጂ ላይ እጆቹ የተቆረጡት ሰውዬ ቦሱን ጋባርን በእግሩ ሊገድለው ሲል ፖሊስ ይደርሳል። ሌላው ቅጂ ላይ ፖሊስ አይመጣም። ያንተ የትኛው እንደሆነ እንዳታይ መጨረሻውን አስቀድመህ አትክፈት፤ ከልጅህ ጋር ተወራረድ።